የጋሽ ቶኩማ ፍራሽ

ሽታዬ አልጋ ላይ ከዋለች ጀምሮ ልጇን የምትጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ምግብ አይደለም፤ እሱማ ከተዋት ሰነበተ። መድኃኒትም አይደለም። ፋና የቆርቆሮውን በር ገፍታ በገባች ቁጥር እናትየው አንገቷን ከትራሱ ቀና ታደርግና፣ «እድሩ ምን አለ?» ትላለች።

«ገና አልተሰበሰቡም እማ። ሰንበት ይሰበሰባሉ።»

ውሸቷን ነው። ተሰብስበዋል። ያሉትንም ብለዋል። ግን ይሄንን ለዚያች ለተሰበረች ሴት እንዴት ብላ ትንገራት? እናንተስ ብትሆኑ በየት አፋችሁ ትነግሯታላችሁ?

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው፣ አለዚያ «ለእድር ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። ሽታዬ የወንጂ ልጅ ናት። አባቷ ሸንኮራ ሊቆርጡ ከደቡብ መጥተው በዚያው በካምፑ የቀሩ ሰው ነበሩ። የሞቱ ዕለት ዘመድ የለ፣ ወገን የለ፤ አራት ሰዎች በቃሬዛ ወስደው ቀበሯቸውና ፈረቃ እንዳያልፋቸው ወደ ሸንኮራው ተመለሱ። ድንኳን አልተተከለም። ደረቱን የመታ የለም። ሽታዬ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ታናሽ ወንድሟን ነጋሳን አዝላ የሰዎቹን ጀርባ ስታይ ቆየች። ከዚያች ቀን ጀምሮ በሆዷ አንድ ነገር ቋጠረች፦ እኔ እንዲህ አልቀበርም።

አዳማ ስትገባ፣ ገና ገበያ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም መሬት ላይ ዘርግታ መሸጥ ስትጀምር፣ አልጋ ሳትገዛ እድር ገባች። እውነቴን ነው፤ ሰሌን ላይ እየተኛች የእድር ትከፍል ነበር። ባሏ የሞተ ጊዜ እድሩ ቆሞ ቀበረላት። ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል! ጥሩንባው ገና «ጡ» ሲል ነጠላዋን እየጎተተች የምትደርሰው እሷ፣ ሽንኩርት የምትከትፈው እሷ፣ የለቅሶ ቤት ድስት የምታጥበው እሷ። «ሽታዬኮ ሬሳው ሳይገነዝ ትደርሳለች» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም ትስቃለች። «ለእኔም ትደርሱልኛላችኋ!» ትላለች።

ፋና እንግዲህ የዚህች ሴት ልጅ ናት። ብቸኛ ልጇ። ከከተማው ኮሌጆች በአንዱ የአካባቢ ሳይንስ ተማሪ፣ የመጨረሻ ዓመት። የመመረቂያ ፕሮጀክት ምረጡ ሲባል ጓደኞቿ ስለ ሐይቅና ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ ሲመርጡ፣ እሷ የገዛ ሰፈሯን መረጠች፦ ሰዉ ለምን ጎርፍ መሄጃው ውስጥ ቆሻሻ ይደፋል?

ጎርፍ መሄጃው ከሰፈሩ ጀርባ ያለው ገደል ነው። ክረምት ክረምት ከተራራው የሚወርደው ውሃ እየቦረቦረ ያሰፋው። በበጋ ደረቅ ነው፤ ደረቅ ማለቴ ውሃ የለውም እንጂ የሌለበት ነገር የለም። ዳይፐር፣ ፌስታል፣ የጫት ገረባ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የበግ አንጀት፣ የፈረሰ ሶፋ። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ፌስታሉ እየበረረ ግራሩ ላይ ይሰቀላል። ሁሉም ይደፋል፣ ሁሉም ስለ ሽታው ይማረራል።

ፋና ቤት ለቤት ዞረች። ሰዉም የሽታዬ ልጅ ናት ብሎ በሩን ከፈተላት፣ ወንበር አቀረበላት። «ምን እናድርግ ልጄ?» አሏት። «ገንዳው አንዴ ከሞላ የሚያነሣው የለ። ጋሪ ገፊዎቹ ሲፈልጉ ይመጣሉ፣ ሲፈልጉ ይቀራሉ። ደግሞ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጠርጎ ይወስደው የለ?» ወዴት እንደሚወስደው ስትጠይቅ፣ «ወደ ታች» ይሏታል በእጃቸው እያመለከቱ። ታች ማን እንዳለ የነገራት የለም። እሷም የሰማችውን ጻፈች፣ ወደ ገደሉ እየወረደች ፎቶ አነሣች።

ከፎቶዎቹ ሁሉ አንዱ ዓይን ይይዛል። የስፖንጅ ፍራሽ ነው፤ ከአፋፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ የተጋደመ፣ አንድ ጥጉ ቀይ አበባ ባለው ጨርቅ የተጣፈ፣ ላዩ ላይ ውሻ የተኛበት። አማካሪ መምህሯ ይሄን ሲያይ «ይሄ ነው! ይሄ ይናገራል!» አላት። ፕሮጀክቷን ያቀረበች ዕለት ከቀበሌ የተጋበዘው የጽዳት ኃላፊም ከሁሉ ይሄን ወደደ። ብዙም ሳይቆይ ባነር ሆኖ ወጣ። ከመንገዱ ዳር፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ በሁለት ምሰሶ መሃል ተወጠረ። ከላይ በትልቁ «ይህ ነውር ነው! ቆሻሻን በተገቢው ቦታ እንጣል!» ይላል፤ መፈክሩን የሰጠቻቸው ራሷ ፋና ናት። ከሥር ደግሞ በትንሹ «ፎቶና ጥናት፦ ተማሪ ፋና»።

ፋና ደስታዋን አልቻለችውም። ሥሩ ቆማ ሰልፊ ተነሣች፣ ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። ሮጣ ለእናቷ ነገረቻት። ሽታዬን ያኔ ሕመሙ ገና ሲጀምራት ነው፤ ሆዷን ይዛ እንደተጋደመች «ስምሽ ከፍ ይበል ልጄ» ብላ መረቀቻት። ከፍማ አለ! ከመብራት እንጨቱ እኩል ነው የተሰቀለው።

አይ ፋና!

በዚያ ሰፈር አንድ ልማድ አለ። ሰው ታሞ የሞተበት ፍራሽ ለማንም አይሰጥም፣ አይሸጥም፣ ማንም አይተኛበትም። ጋሪ ገፊዎቹ እንኳ አይነኩትም፤ ብትለምናቸው ብትከፍላቸው እሺ አይሉም። ስለዚህ ድንኳኑ ሲነሣ ባለቤቱ ያወጣውና ገደሉ ውስጥ ይጥለዋል፤ ያየ ሰው እንዳላየ ፊቱን አዙሮ ያልፋል። ፋና ይሄን አታውቅም? ታውቃለች እንጂ፣ ሰፈሯ ነው። ያላወቀችው ፍራሹ የማን እንደሆነ ነው። እሱንም ማወቅ ነበረባት።

ፍራሹ የጋሽ ቶኩማ ነበር። ጋሽ ቶኩማ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ፍራሽ ላይ ተኝተው ማቀቁ። ጥጉ ሲቀደድ ሚስታቸው እትዬ ወሰንየለሽ ከገዛ መጋረጃዋ ቆርጣ ጣፈችው። ያንን ቀይ አበባ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ በሽተኛ ሊጠይቅ የገባ ሁሉ እዚያው ጥግ ላይ ነዋ የሚቀመጠው! ያልሄደችው ፋና ብቻ ናት። እናቷ «ኧረ ሄደሽ ጠይቂያቸው፤ በልጅነትሽ ከሞጆ ሲመለሱ ብስኩት ያመጡልሽ የነበሩ ሰው» ስትላት፣ «እሺ፣ ፈተና ልጨርስ» ትላለች። ፈተናው አለቀ፤ እሳቸውም አለፉ። ለቅሶውንም ያኔ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ነበርኩ ብላ አልደረሰችም። አንድ ቀን ጎራ ብትል ኖሮ ያንን ጨርቅ ታውቀው ነበር፣ ስልኳንም ወደ ሌላ ታዞረው ነበር።

እትዬ ወሰንየለሽ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ቀና ብላ አየችው። ዱቄቱ ከእጇ ወደቀ። የባሏ ፍራሽ፣ ላዩ ላይ ውሻ፣ ከላዩ «ነውር»። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ ሌላ ሰው የሞተባት መስሎት ሮጠ።

በዚያው እግሯ ሽታዬ በር መጣች። አልገባችም። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «ሽታዬ! ቶኩማን አብረን የቀበርነው መስሎኝ ነበር። ልጅሽ መንገድ ላይ ሰቀለችው» አለችና ሄደች።

ሽታዬ ግራ ገባት። «ምንድን ነው የምትለው?» ብላ ጠየቀች። ፋና አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ባነሩን፣ ፍራሹን፣ ውሻውን። ሽታዬም፣ «ጥጉ ቀይ አበባ ነው?» አለች።

«አዎ። እንዴት አወቅሽ?»

ሽታዬ ጋቢውን ፊቷ ላይ ሳበችው።

እድሩ ወዲያው በሰንበቱ ተሰበሰበ። ዳኛው ጋሽ ለሚ ክፉ ሰው ናቸው አልልም፤ ግን እሳቸው ደንብ ካሉ ደንብ ነው። ባነሩ ወርዶ፣ ወሰንየለሽ በገዛ አንደበቷ ይቅር እስክትል ድረስ የሽታዬ ቤት ታግዷል ተባለ። ጥሩንባ አይነፋለትም፣ ድንኳን አይተከልለትም፣ እዚያ ቤት ለቅሶ የደረሰ አባልም ይቀጣል።

ፋና እግራቸው ላይ ወደቀች። «ጋሼ፣ እኔን ይቅጡኝ! እሷ ምን አጠፋች? ፎቶውን እንኳ በዓይኗ አላየችውም!»

«ኢንተላ ኮ» አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ክንዷን ይዘው እያነሡ። «አባሏ እሷ ናት። ቤተሰብ ያጠፋው በአባሉ ላይ ነው የሚወድቀው። ባነሩን አስወርጂ፣ ከወሰንየለሽ ታረቂ። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ጥሩንባውን ይዤ...» አሉና አፋቸውን ያዙ። ገና በሕይወት ላለ ሰው የሚባል ነገር አልነበረም።

ፋና ቀላል መስሏት ቀበሌ ሄደች። ኃላፊው ያው ያኔ ሲያሞግሳት የነበረው ነው። ነገሩን እያለቀሰች ነገረችው። ሳቀባት! ጥርሱ ይርገፍ።

«እህቴ፣ ፍራሽ ፍራሽ ነው። ስም አልተጻፈበትም።»

«የሞተ ሰው ፍራሽ ነውኮ! ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል!»

«እሱን እኔ በምን አውቃለሁ? የጽዳት ዘመቻው ሳያልቅ አይወርድም። ከበላይ የሚመጡ እንግዶች ሊጎበኙት ነው። አንቺኮ ልትኮሪበት ይገባል።»

ወደ ኮሙኒኬሽን ክፍል ላካት። የኮሙኒኬሽኑ ሰው ዱከም ስልጠና ላይ ነው። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ገብቷል። ተመልሳ ስትሄድ ኃላፊውም ራሱ መስክ ወጥቷል። አማካሪ መምህሯ ዘንድ ሮጠች፤ እሱ ደግሞ «ፋና፣ ጥናቱ ከእጃችን ወጥቷል። ደግሞ ምን ያስለቅስሻል? ያነሣሽው እውነት ነው» አላት። እውነት! ያንን እውነት ይዛ ወዴት ትሂድበት? ከዚያ ወጥታ ባጃጅ ተራው ጋ ቆማ በአዋራው መሃል ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ሰው ያየኛል እንኳ አላለችም።

ቤት ስትገባ ያው ጥያቄ ይጠብቃታል።

ሐኪሙ ከእንግዲህ ቤቷ ትሁን ብሏል። ሽታዬ ከሰውነት ተራ ወጥታለች። ጆሮዋ ግን ውጭ ነው፤ ኮቴ በተሰማ ቁጥር «ወሰንየለሽ ናት?» ትላለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ቤት በጠያቂ ይጨናነቅ ነበር፣ ብርቱካኑ ማስቀመጫ ያጣ ነበር። አሁን ከዝንብ በቀር የገባ የለም። ፋና ጎረቤት ጨው ብትበደር እንኳ በአጥር ላይ አቀብለዋት ፈጥነው ይገባሉ። አንድ ቀን ሽታዬ የልጇን እጅ ያዘችና፣ «ፋናዬ፣ እንደ አባቴ በአራት ሰው እንዳታስወጪኝ» አለች። ፋና ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻለችም።

ጎህ ሲቀድ የሽንኩርት ቢላዋ ይዛ ወጣች። ምሰሶው ላይ ተንጠላጥላ ገመዱን በጠሰችው። ባነሩ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ነፋስ ያዘውና ፊቷን በጥፊ አላት። ወርዳ ሁለተኛው ምሰሶ ላይ ወጣች። እጇ ደምቷል፤ ፖሊስ ቢያያትም ግድ አልነበራትም። ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ አደረገችውና በቀጥታ እትዬ ወሰንየለሽ በር ሄደች።

በሩ በጠባቡ ተከፈተ።

«እትዬ፣ አወረድኩት። ይኸው። ያቃጥሉት፣ ይቅደዱት፣ እኔንም እንደፈለጉ ያድርጉኝ። እናቴ ልትሞትብኝ ነው። ለጋሽ ለሚ አንዲት ቃል ብቻ ይበሉልኝ፣ በሞቴ!»

ወሰንየለሽ ጥቅሉን አየችው፣ ልጅቷን አየቻት። ዓይኗ ቀልቷል። «አገር ካየው በኋላ?» አለችና በሩን ዘጋችው።

ፋና ባነሩን ተሸክማ ተመለሰች፣ በሩ ኋላ አቆመችው። እናቷ ነቅታ ነበር።

«እድሩ ምን አለ?»

ፋና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ይቅር ብለውሻል እማ» አለች። «እትዬ ወሰንየለሽም ይቅር ብለዋል። አሁን ከእሳቸው ጋ ነው የመጣሁት።»

የሽታዬ ፊት በራ። ወይ ፈገግታ! ያ ፈገግታ የፋናን አንጀት በላው። «አላልኩሽም?» አለች ሽታዬ። «ወሰኔ መጨከን አታውቅበትም። ድንኳኑን ትልቁን ይትከሉልኝ በያቸው እሺ? ትንሹ ቀዳዳ ነው፣ ሰውን ፀሐይ ይመታዋል።»

«እሺ እማ።»

«ድስቱንስ ማን ያጥባል?»

«እኔ።»

«በአመድ አድርገሽ እሺ። የእድር ድስት በሳሙና ብቻ አይለቅም።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አረፈች።

ፋና ጋሽ ለሚ ዘንድ ሮጠች። ሰውየው «ሽታዬን! ሽታዬን የመሰለች ሴት!» እያሉ ግንባራቸውን መቱ፣ እንባቸው ጢማቸውን አራሰው። ግን «የወሰንየለሽ ቃል ሳይመጣልኝ እጄ የታሰረ ነው» አሉ። ማን አሰረው? ራሳቸው ናቸዋ፣ በገዛ ደንባቸው! ንጋት ላይ ፋና እንደማይነፋ እያወቀች ጥሩንባውን ጠበቀች። ዶሮ ጮኸ፣ ባጃጆች መንጫጫት ጀመሩ፣ ፀሐይ ወጣች። ጥሩንባ የለም።

አጎቷ ነጋሳ ከወንጂ ደረሰ፤ አብረውት ሸንኮራ የሚቆርጡ ጓደኞቹን አስከትሎ፣ ሣጥን ይዞ። ግቢው ባዶ ነው፣ የአዳማ ፀሐይ ገና በጠዋቱ ያቃጥላል። «ድንኳኑስ?» አለ። ዞር ዞር ሲል በሩ ኋላ የቆመ የፕላስቲክ ጥቅል አየ። ሰው አሮጌ ባነር ለጥላ ይጠቀምበት የለ፣ ምን ጠርጥሮ! ከቆርቆሮው ጫፍ እስከ አጥሩ ወጥሮ አሰረው፣ ሥዕሉ ወደ ታች ሆኖ። ፋና ከውስጥ ስትወጣ የጋሽ ቶኩማ ፍራሽ ከነውሻው ከእናቷ ሣጥን በላይ ተንጣሏል። «ይህ ነውር ነው!» ይላል። ገመዱን ልትፈታ እጇን ሰደደች፣ መልሳ ተወችው። ደግሞስ አውርደው ብትለው እናቷ በፀሐይ ልትውል ነው?

ጎረቤቶች በአጥራቸው ሽንቁር ያያሉ። ሴቶቹ በየግቢያቸው ያለቅሳሉ፣ ልቅሷቸው ይሰማል፤ ከደጃፏ ያለፈች ግን አንዲትም የለች። ነጋሳና ጓደኞቹ ሣጥኑን አነሡት። አራት ሰዎች ነበሩ።

ከቀብር ሲመለሱ ባነሩ ሥር አንዲት ሴት ቁጭ ብላለች። እትዬ ወሰንየለሽ ናት። ጥቁሯን ለብሳለች፣ አጠገቧ ውሃ የሞላ ጄሪካንና በሰፌድ ንፍሮ አለ። ከቀብር የተመለሰን ሰው እጅ የሚያስታጥበው ጎረቤት ነው፤ እሷም ለዚያ መጣች፣ ብቻዋን። ፋና ከሴትየዋ ራስ በላይ የተወጠረውን ፍራሽ አየች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አይቼዋለሁ» አለች ወሰንየለሽ ቀና ሳትል። «እጅሽን አምጪ።»

ሁሉንም አስታጠበቻቸው። ንፍሮውን አደለቻቸው። ከዚያ ተቀመጠችና፣ «ለሚ መጥቶ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ። «እሺ ልለው ነበርኮ! እሱ ደግሞ እኔ እስክመጣ ሲጠብቅ ኖሯል። ሣጥኑ ሲወጣ በአጥሬ አየሁት። በአራት ሰው! የቶኩማን ለቅሶ ድስት ሁሉ ያጠበች ሴት፣ በአራት ሰው!» ደረቷን መታች።

«ይቅር ብለውኛል ብላ ነው የሞተችው» አለች ፋና። «ዋሽቻት ነው እትዬ። እትዬ ወሰንየለሽ ይቅር ብለዋል አልኳት።»

ወሰንየለሽ ጎትታ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። ሁለቱም ጮኹ። በየአጥሩ ያሉት ሴቶችም ለቅሶውን ተቀበሏቸው።

ነጋሳና ጓደኞቹ ፈረቃ ነበረባቸውና ወደ ወንጂ ተመለሱ። ወሰንየለሽ ቤቱን ላስተካክል ብላ ገባች። አንሶላውን ገፈፈች። የሽታዬ ፍራሽ ባዶውን ቀረ፤ መሃሉ ጎድጉዷል፣ ጎኗ ያረፈበት እንዳለ ነው።

«ይሄንስ የት ልታደርጊው ነው?» አለች።

ፋና ፍራሹን እያየች ቆመች። ጋሪ ገፊዎቹ አይነኩትም። ገንዳው ሞልቷል። አይቃጠል ነገር፣ የስፖንጅ ጭስ ሳንባን ምን እንደሚያደርግ በፕሮጀክቷ ውስጥ የጻፈችው ራሷ ናት። ቆሻሻን በተገቢው ቦታ ያለችውም ራሷ ናት፤ በበሩ በኩል በትልቁ ይታያታል። ቦታው የት እንደሆነ ግን የትም አልጻፈችም።

«አላውቅም፣ እትዬ» አለች።

ወሰንየለሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ፍራሹን በራስጌው በኩል አነሣችው።

«የቶኩማን ጊዜ ብቻዬን ነው የጎተትኩት» አለች። «ነይ፣ ያዢ በዚያ በኩል።»

ፋና በግርጌ በኩል ያዘች።